አብሲት የገባበት ፓንኬክ



የዛሬው ርዕስ ሲነገረኝ ትንሽ ፈገግ አልኩ። «ግሉተን የሌለው፣ ፕሮቲን የበዛበት ጤናማ ፓንኬክ በቤት ውስጥ» ይላል። አንድ ቁርስ ይህን ሁሉ ቅጽል ተሸክሞ ሲመጣ ሰው የሚጠብቀው በውድ የተገዛ የውጭ ዱቄት፣ በጣሳ የታሸገ ፓውደር፣ ስሙ ለመጥራት የሚያስቸግር ማጣበቂያ ነው። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት ጤፍ፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና አይብ ነው። ማጣበቂያውም አብሲት ነው። አዎ፣ የእንጀራው አብሲት።

ሙግቴ ይህ ነው፤ ግሉተን የሌለው ሊጥ እንዴት ተያይዞ፣ ዓይን አውጥቶ፣ ሳይሰነጠቅ ከምጣድ እንደሚነሳ የአገራችን ባለሙያ ሴቶች ለዘመናት ሲሠሩት የኖሩት ጉዳይ ነው። ፓንኬኩ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም መፍትሔውም ግን ቤታችን ያደጉ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ግሉተን ጥቂት ልበል፤ የሚወራው ከሚታወቀው በዝቷልና። ግሉተን በስንዴ ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ስብስብ ነው። የስንዴ ዱቄት በውሃ ሲለወስ ግሊያዲንና ግሉተኒን የሚባሉት ፕሮቲኖች ተያይዘው የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ድፎ ዳቦ ከእርሾው የሚወጣውን አየር አምቆ የሚነፋው በዚህ መረብ ነው። ገብስና ራይ የተባለው የፈረንጅ እህልም የዚሁ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን አላቸው። ለአብዛኛው ሰው ይህ ፕሮቲን ምንም አያደርግም። ጤነኛ ሰው ስንዴ ስለተወ ብቻ አይቀጥንም፣ ፊቱም አያበራም፤ ያን ተስፋ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመከላከያ ኃይሉ ግሉተን ሲገባ ተቆጥቶ የገዛ ራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል፤ ምግብ ወደ ደም የሚመጠጥበት የአንጀት ውስጠኛ ገጽ ይጎዳል። ተቅማጥ ይመጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ክብደት ይቀንሳል። የብረት ኪኒን ቢወሰድም የማይሻል ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በልጅ ላይ ደግሞ የዕድገት መቀጨጭ። አንዳንዱ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። «ሆዴን ይነፋኛል» ብላችሁ ስንዴውን በገዛ ፈቃዳችሁ ካቆማችሁ በኋላ ሐኪም ቤት አትሂዱ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን የተነሳ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። ግሉተኑን ካቆማችሁ ከቆየ በሽታው እያለም ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ፤ ፓንኬኩ ይደርሳል።

ስንዴና ይህ በሽታ መገናኘታቸውን ያረጋገጠው ዊለም ዲከ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ጠርጥሮ ስንዴ የሌለበት አመጋገብ ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት በናዚ ጀርመን ቁጥጥር ሥር የነበረው የሆላንድ ክፍል ክፉኛ ተራበ። ዳቦ ጠፋ፤ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ረሃብ መካከል ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ በ1950 ዩትሬክት ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጉዳዩን በጥናት አስደገፈው። ከእሱ በፊት ኒውዮርክ ውስጥ ሲድኒ ሃስ የሚባል ሐኪም፣ ከ1924 ጀምሮ የታወቀ፣ ሕፃናቱን ሙዝ በብዛት እያበላ ያክም ነበር። ልጆቹም ይሻላቸው ነበር፤ ያዳናቸው ግን ሙዙ ሳይሆን በሙዙ ምክንያት የቀረው ዳቦ ነው። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፤ ሰዎች ስለ አንድ ተአምረኛ ምግብ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር «እሱን ስትበሉ ምን ቀረ?» እላለሁ።

የጤፍ ነገርም ዞሮ ዞሮ ሆላንድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ጤፍ የሴሊያክ ሕሙማንን የመከላከያ ሴሎች እንደማይቀሰቅስ «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ አሳወቁ። በዚያው ዘመን አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። የሔግ ፍርድ ቤት በ2018 የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ የኢትዮጵያን ሕዝብ ሲያንገበግብ ኖሯል። እኔንም ጨምሮ።

እንግዲህ ጤፍ ግሉተን የለውም ብለን ልናርፍ ነው? አይደለም። ጤፉ የለውም፤ ቤታችሁ የደረሰው ዱቄት ግን ሊኖረው ይችላል። በሰፈራችን ወፍጮ ቤት በር ላይ የሚደረደሩትን ጆንያዎች አስቡ። የአንዷ ስንዴ ነው፣ የቀጣይዋ ገብስ ለበሶ፣ የእናንተ ጤፍ ሦስተኛ። ባለ ወፍጮው ማሽኑን በየመሐሉ አያጥብም፤ ሊያጥብም አይችልም። የስንዴው ዱቄት በድንጋዩ መካከልና በመውረጃው ላይ ይቀራል፣ ከእናንተ ጤፍ ጋር ይወርዳል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ግሉተን የሌለው» ለመባል የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ነው፤ አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ደንብ ይህንኑ መጠን ይዟል። ሃያ ሚሊ ግራም ማለት በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው እጅግ ያነሰ ነው። ወፍጮው ላይ የቀረው ዱቄት ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ስለዚህ በቤቱ ሴሊያክ ያለበት ሰው ላለው ቤተሰብ የሚበጀው፣ አቅም ከፈቀደ፣ ስንዴና ገብስ ፈጽሞ ከማይገባበት ወፍጮ ማስፈጨት ወይም ተመርምሮ የታሸገ ዱቄት መግዛት ነው። አቅም ካልፈቀደ ቤት ውስጥ የምትሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ ለዚህ ብቻ የተመደበች፣ ብዙ ትረዳለች። ጤፉንም ከመፈጨቱ በፊት አበጥሩ፤ እርሻው ላይ ወይም ገበያው ላይ የተቀላቀለ የገብስና የስንዴ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ በወንፊት ይለያል። ጤፍ ትንሽነቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል።

ቤት ከገባም በኋላ ጉዳዩ አላለቀም። ወንፊቱ ስንዴ ሲነፋበት የኖረ ከሆነ ሌላ ይገዛ። እርሾው ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ከተቦካ ሊጥ የመጣ ከሆነ እርሾውም አይሆንም። አንባሻ የሚጋገርበት ምጣድ፣ የማሰሻው ጨርቅ ሳይቀር ይለይ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ከሱቅ እንጀራ ሲገዙ ምን እንደተቀላቀለበት እንዲጠይቁ ንገሯቸው፤ እዚያ የገብስና የስንዴ ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ነው። አጃም እንደ ጤፍ አይታመንም፤ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ንጹሑም ቢሆን የማይስማማቸው ጥቂት ሕሙማን አሉ። በሶና ጠላ ደግሞ ከገብሳቸው የተነሳ ከነጭራሹ ይቀራሉ። ጠጁ ይፈቀዳል፤ ጌሾው አይከለክለውም። (አትሳቁ፣ ይህ ጥያቄ መቼም አይቀርም ብዬ ነው።)

አሁን ወደ ሊጡ። ግሉተን የሌለውን ዱቄት በወተት በጥብጣችሁ መጥበሻ ላይ ስታፈሱት ምን ይሆናል? ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ስትገለብጡት መሐሉ ይቆረሳል፤ ሲበላ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። አየሩን የሚይዝ መረብ የለማ። ፋብሪካዎች ይህን ለመተካት ዛንታን ጋምና ጓር ጋም የሚባሉ ሙጫ መሰል ዱቄቶች ይጨምራሉ። ክፉ አይደሉም፤ እኔ ግን ቤቴ ውስጥ የተሻለ አለኝ እላለሁ።

እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ይወሰድና በፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ይበስላል። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል፣ ይጋገራል። አብሲቱ የቀረበት እንጀራ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ይሰባበራል፣ ዓይኑም ያንሳል። ምክንያቱ ስታርቹ ነው። የጤፍ ስታርች ከውሃ ጋር ሞቆ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ውሃውን መጥጦ ያብጣል፣ ወፍሮ ይለጠፋል። የበሰለው ስታርች ያልበሰለውን ዱቄት አቅፎ ይይዘዋል፤ ከእርሾው የሚወጣውንም አየር ቶሎ አያስመልጠውም። ግሉተን በስንዴ ላይ የሚሠራውን ሥራ አብሲት በጤፍ ላይ ይሠራዋል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። የፓንኬክ ሊጥ ለማቡካት ሁለት ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አብሲቱን ብቻ እንዋሰው።

ለሁለት ሰው በሚበቃ ልንገራችሁ። የጤፍ ዱቄት 100 ግራም፣ የሽምብራ ዱቄት 60 ግራም፣ ሁለት እንቁላል፣ አይብ 100 ግራም፣ ጥቂት ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። የቤኪንግ ፓውደሩን ማሸጊያ አንብቡ፤ እርጥበት እንዳይዘው የሚጨመርበት ስታርች አንዳንዴ የስንዴ ነው።

ከጤፉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሰዱና በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። መለስተኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ሲወፍርና ሲያንጸባርቅ አውርዱት። በደንብ ይብረድ፤ ትኩሱ እንቁላሉን ያበስለዋል። አይቡን ከእንቁላሉ ጋር እስኪልም ምቱት፤ መፍጫ ካለ ደግሞ በመፍጫ። አብሲቱን፣ ዘይቱን፣ ጨውና የቀረውን ዱቄት ጨምሩ። ወተቱ መጨረሻ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ፤ ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከገንፎ እጅግ ቀጠን ማለት አለበት። ከዚያ ተዉት፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ጤፍም ሽምብራም ከነገለባቸው ወይም ደረቅ ፍሬ ሆነው ስለሚፈጩ ውሃ ለመምጠጥ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አፍ ውስጥ የሚሻክረው ውሃ ያልጠገበ ዱቄት ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚገባው ካረፈ በኋላ፣ መጥበሻው እየጋለ ሳለ ነው። ቀድሞ ከገባ አየሩ እዚያው ሳህን ላይ አልቆ ይጠብቃችኋል።

ስለ ሽምብራው አንድ ቃል። ጥሬው ዱቄት የባቄላነት ጠረንና መራራነት አለው፤ በደንብ ካልበሰለ ሆድም ይነፋል። ስለዚህ ሽምብራው እንደ ሽሮ እህል ለስለስ አድርጎ ተቆልቶ ተከክቶ ቢፈጭ ይመረጣል። የተቆላው ውሃ ስለሚጠጣ ወተቱን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ገበያ ላይ ያለው ሽሮ ግን አይሆንም፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የገባበት ፓንኬክ ማር አይወድም። የጨው ፓንኬክ ለሚወድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ከትፎ ሊጡ ውስጥ መጨመር እኔ በግሌ ከማሩ የምመርጠው ነው፤ ሽምብራው ቤቱ የገባ ያህል ይስማማዋል።

መጥበሻው ወፍራም ቢሆን፣ እሳቱም ከመካከለኛ ዝቅ ቢል። ፕሮቲን የበዛበት ሊጥ ከተራው ፈጥኖ ይጠቁራል፤ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ የሚሆነው በእሳት ብዛት ነው። በትንሽ ጭልፋ ከመዳፍ የማይበልጥ አድርጋችሁ አፍስሱ። ትልቅ ካደረጋችሁት ሲገለበጥ ይቆረሳል። ላዩ ላይ የወጡት ዓይኖች ተከፍተው ሳይደፈኑ ሲቀሩና ጠርዙ ውሃነቱን ሲያጣ ገልብጡት፤ ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይበስላል። በማንኪያ አትጫኑት፤ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን አየር ታስወጡታላችሁ። የመጀመሪያው እንደ እንጀራው ሁሉ የምጣድ መሞከሪያ ነው፤ ለሕፃናት ስጡት።

ከዚህ ልክ ስምንት ያህል ይወጣል። አሁን ፕሮቲኑን አብረን እንደምር። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 13 ግራም፣ ከሽምብራው ሌላ 13፣ ከሁለቱ እንቁላሎች 12፣ ከአይቡ እንደ አሠራሩ ወደ 14፣ ከወተቱ ጥቂት። ከ50 ግራም ያልፋል። አራት አራት የተካፈሉ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 26 ግራም ገደማ ያገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ ሰው ይበቃል የሚሉት በቀን በየኪሎው 0.83 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ማለት ነው። የቀኑ ግማሽ ቁርስ ላይ አለቀ። በዚሁ መጠን 160 ግራም ፉርኖ ዱቄት ብቻውን የሚሰጠው 16 ግራም ቢሆን ነው።

ቁጥሩ ብቻም አይደለም። እህሎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጤፍ ከብዙዎቹ ቢሻልም እሱም ይጎድለዋል። ሽምብራ ላይሲን ሞልቶት የእህሎቹ ሜቲዮኒን ያጥረዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሕዝብ ይህን በላቦራቶሪ ሳይሆን በገበታ ደርሶበታል። ታዲያ ጂም የሚሄዱ ልጆቻችን የሚገዙት የፕሮቲን ዱቄት ለምን ያስፈልጋል? ለፓንኬክ እኔ አልመክረውም። ዋጋው ውድ ነው፤ ከወተት የሚሠራው ሲበዛ ደግሞ ፓንኬኩን እንደ ጎማ ያደርገዋል። አይብ በጣም በርካሽ ያንኑ ይሠራል፣ ሊጡንም ያረጥበዋል። አዲስ ሴሊያክ የተገኘበት ሰው አንጀቱ እስኪያገግም ወተት ላይስማማው ይችላል፤ ያኔ ወተቱን በውሃ ይተካ።

ስለ ጤፍ ብረት የሚወራውን ግን በልኩ ያዙልኝ። ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው። ቀይ ጤፍ ላይ አንዳንዴ የሚጠቀሰው እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ግን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ በሬ ሲያበራየው የገባ። ደም ማነስ ያለበት ሰው ቀይ ጤፍ በላሁ ብሎ ከሐኪሙ አይቅር።

አሁን ጾም ላይ ነን፣ እንቁላልና አይብ ምን ሊሆን ነው የምትሉ አላችሁ። ተልባ አለ። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስለስ ተደርጎ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት፤ ዝልግልግ ይላል፣ እሱ ነው የሚያያይዘው። ሽምብራውን ወደ 80 ግራም ከፍ አድርጉ። በወተቱ ፈንታ አምቦ ውሃ ይግባ፤ የመጨረሻው ሰዓት ላይ፣ ጋዙ ሳይወጣ። ጥቂት ሎሚ ቢጨመርበት ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ይረዳዳሉ። የጾሙ ፕሮቲን ከፍስኩ ያንሳል፤ ስምንቱ በድምሩ ወደ 33 ግራም ነው የሚሆነው። ላዩ ላይ የለውዝ ቅቤ ቢቀባ ይካካሳል። በነገራችን ላይ የሽምብራ አሳ ሠርታችሁ የምታውቁ የሽምብራ ሊጥ ጠባይ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ኋላ አርሙኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሊጡ ላይ አይደለም፣ ገበታው ላይ ነው። ሴሊያክ ያለባት ልጅ እንግድነት ስትሄድ «በሞቴ፣ ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ» ይባላል። ድፎው ተቆርሶ ይዘረጋል፣ ጉርሻው ይከተላል። ትንሽ ብትቀምስ አንጀቷ ይጎዳል፤ መልሱ ይኸው ነው። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ እምቢ ማለትም ነውር ሆኖ ስላደግን ልጆቻችን ለይሉኝታ ብለው ይታመማሉ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምትበላ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሳህኗም ማንኪያዋም የተለየ ይሁን፤ ማሩንም ዳቦ ከተነከረበት ሳህን አትስጧት። እሷ ደግሞ ፓንኬኩን በምሳ ዕቃ ይዛ ብትመጣ «የኛን ምግብ ናቀች» አይባል።

የተረፈው ፓንኬክ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅ ደረቅ ካለ መጥበሻው ላይ ጥቂት ውሃ አርከፍክፋችሁ ክደኑት። እኔ ጨርሻለሁ። አዳራሹ ጀርባ ላይ በሁለት ሳህን የቀረበ አለ፤ በግራ ያለው የፍስክ፣ በቀኝ ያለው የጾም ነው። እየቀመሳችሁ ጥያቄዎቻችሁን አምጡ፤ የሽምብራ አሳ የምታውቁ እናቶች ግን ከሁሉ ቀድማችሁ ኑ።